ከድሬ እስከ ታጁራ ባህር ዳርቻ፦ መኪናና ሹፌር ይዘን የሄድንበት አጭር ጉዞ

ድሬ ያደግን ሰዎች ባህር ቅርባችን ነው ስንል ነው የኖርነው ግን ስንቶቻችን ነን ሄደን ያየነው? የሄደውም አብዛኛው ጅቡቲ ከተማ ይገባል፣ ዘመድ ቤት ያርፋል፣ ገበያ ይዞራል፣ በሙቀቱ ይማረራል፣ ተመልሶ ደግሞ "ምንም የላትም አቦ" ይላል። እኔ ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከልጆቹ ጋር ሄጄ ከመጣሁ በኋላ የምለው ሌላ ነው፣ የጅቡቲ ውበት ከተማው ውስጥ አይደለም ያለው፣ የታጁራን ባህረ ሰላጤ እየዞረ የሚሄደው የገጠር መንገድ ላይ ነው፣ እሱን መንገድ ደግሞ በአጭር እረፍት መኪና ውስጥ ተቀምጦ በደንብ ማየት ይቻላል፣ ፕላኑ በደንብ ከተሰራ።

የተጠቀምንበት ድሬ ውስጥ ከዚራ አካባቢ ያለ ትንሽ የጉዞ ቢሮ ነው። ማስታወቂያ እንዳይመስል ስሙን አልጠራም፣ በግል ለጠየቀኝ እነግራለሁ። መኪና ከነሹፌሩ ያከራያሉ፣ ከፈለጋቹ ደግሞ የት እንደምታድሩ፣ የት እንደምትቆሙ፣ ስንት ሰዓት እንደምትነሱ አብረው ያወጡላቹሃል። ሰው ስለ ጉዞው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚለኝ መኪናው ምንድነው ነው፣ ላንድክሩዘር ነው ወይስ ሃይሩፍ፣ ኤሲ አለው ወይ ምናምን። መኪና ማንም ጋር ይገኛል። እኔ ደስ ብሎኝ የከፈልኩት ለፕላኑ ነው፣ በተለይ ደግሞ ቦታ ስለቀነሱልኝ።

እንዲህ ነበር። እኔና ባለቤቴ ረጅም ዝርዝር ይዘን ሄድን፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ሙሻ ደሴት፣ አሳል ሃይቅ፣ አቤ ሃይቅ፣ ታጁራ፣ ኦቦክ፣ የደይ ጫካ፣ ከዛም ጊዜ ከተረፈ አርታ ባህር ዳርቻ። ፕላን የምትሰራው ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ እስክሪብቶ አነሳችና መጀመሪያ አቤ ላይ መስመር አሰመረችበት። ለምን ስላት አቤ በዲኪል በኩል ተገብቶ ረጅም ኮረኮንች ያለው፣ ለብቻው ቀን የሚፈልግ ቦታ ነው፣ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት ባህር ነው አለች። ቀጥላ ኦቦክን ሰረዘች። ከዛ ሙሻን። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ዞር ብላ "እማማ፣ ጀልባ ይስማማዎታል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀቻት፣ እናቴም ስለ ጉልበቷ የተጠየቀችው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስል ሁሉን ዘርዝራ ነገረቻት፣ ልጅቷም ቁጭ ብላ ሰምታ ጻፈችው። ለእያንዳንዱ ቀን ከ3 ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ የማይቀመጡበትን አደርጋለሁ አለች፣ ከመሄጃና ከመመለሻው ቀን በስተቀር ያለችውን አደረገች። እኔ በህይወቴ ብዙ አገልግሎት ገዝቻለሁ፣ ሻጭ ራሱ እየቀነሰ ሲሸጥ ግን ብዙ አላየሁም። ዝርዝሩ ሁሉ ቢገባ ኖሮ የሚያስከፍሉት ይበልጥ ነበር እኮ።

ወቅቱንም እሷ ናት የወሰነችው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንሂድ ብለን ነበር፣ በፍጹም አለች፣ ሐምሌና ነሐሴ እዛ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከበረሃ የሚነሳው ትኩስ ነፋስም ያኔ ነው። ከህዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግን አየሩ ይለዝባል፣ ማታ ማታ እንደውም ደስ የሚል ነው። ድሬ ያደገ ሰው ሙቀት አይፈራም ይባላል፣ የባህር ዳር ሙቀት ግን ወበቅ ስላለው ሌላ ነው፣ ላባችሁ አይደርቅም።

ከድሬ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው፣ ፈጢራ አስጠቅልለን፣ ሻሂ በፔርሙስ ይዘን። ከድሬ እስከ ድንበሯ ደወሌ ያለው የክፍያ መንገድ ነው፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ መኪናው እንደ ልብ ይሄዳል፣ እንደ ልብ ስለሚሄድ ደግሞ ነው የሚያስፈራው ምክንያቱም ግመሎቹ መንገዱ የነሱ ነው የሚመስላቸው። ሹፌራችን ትልቅ ሰው ነው፣ የኢሳ ሰው፣ ልጆቼ አዴር (በሶማሊኛ አጎት) እያሉ ነው የጠሩት፣ ግመል ሩቅ ሲያይ ጥሩምባ አይነፋም፣ ፍጥነቱን ይቀንስና ፊቷ ወዴት እንደዞረ ያያል፣ አንዷ ከተሻገረች የቀሩት ይከተሏታል ብሎ እስከ መጨረሻዋ ይጠብቃል። ሽንሌን አልፈን፣ አዲጋላ፣ ከዛ አይሻ። የድሮው ባቡር ጣቢያዎች እዛው አሉ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ሃዲድ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ከመንገዱ ጎን ለጎን ይሄዳል። እናቴ በድሮው ባቡር ብዙ ተመላልሳለች፣ አዲጋላ ስንደርስ ባቡሩ ሲቆም ሴቶቹ ወተት በምን ይዘው እንደሚመጡ፣ ፈታሽ ሲገባ ጨርቁን ማን ጋር እንደሚደብቁ ስታወራልን ልጆቹ ስልካቸውን አስቀምጠው ነው የሰሟት። የዛ ጉዞ ግማሹ ደስታ እሱ ነበር።

ድንበር ላይ መኪና ቀየርን። ቢሮው የሚሰራው እንደዛ ነው፣ የድሬው መኪና እስከ ደወሌ ያደርሳቹሃል፣ ከዛ ወዲያ የጅቡቲ ሰሌዳ ያለው ላንድክሩዘር ይጠብቃቹሃል። መጀመሪያ ስሰማው ሻንጣ ማውረድና መጫን መስሎኝ አልወደድኩትም ነበር፣ ሳየው ግን ትክክል ነው፣ መኪና ድንበር ለማሻገር ያለውን ወረቀት ሁሉ ያስቀራል፣ ደግሞ የዛኛው ሹፌር የታጁራ ልጅ አፋር ስለሆነ ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ሰፈሩ ነው። አፋርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አረብኛ፣ ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ አማርኛውም ከኛ አገር ከባድ መኪና ሹፌሮች የለመደው ነው ግን ይበቃል። ፓስፖርት ለማስመታት ቆይተናል፣ ጥላ ያለበት መቀመጫ እንደ ልብ የለም፣ ትልቅ ሰው ካላቹ ታጣፊ ወንበር ያዙ። ስለ ቪዛ ከመሄዳቹ በፊት ድሬ ያለው የጅቡቲ ቆንስላ ሄዳቹ ጠይቁ፣ በወሬ አትነሱ።

ከዛ አሊ ሳቢህ፣ ሻሂ ጠጣን፣ ቀጠልን። ከአሊ ሳቢህ ወጥታቹ ትንሽ እንደሄዳቹ ግራንድ ባራ የሚባለው ሜዳ ይመጣል፣ ድሮ ሃይቅ የነበረ ነው፣ አሁን ነጭ ጭቃ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይን እስኪደክም ጠፍጣፋ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ስትወጡ የኛ አገር ተሳቢ መኪና በሰልፍ ነው፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ በዚህ አገር ስለሚያልፍ መንገዱ የነሱ ነው ማለት ይቻላል፣ ጋቢናው ላይ የተለጠፈውን የአማርኛ ጥቅስ እያነበብን ነው ያለፍነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ቀጥ ብሎ ወደ ከተማው ይገባል። ልጅቷ ያወጣችው ፕላን ግን ከተማው ሳይደረስ ወአ ከሚባለው ቦታ በኋላ ወደ ግራ አስጠምዞ በቀጥታ ወደ ታጁራ መንገድ ያስገባል። ለኔ የጠቅላላው ጉዞ ምርጡ ውሳኔ ይሄ ነው። ከተጠመዘዛቹ በኋላ የከባድ መኪናው ብዛት ይቀንሳል፣ ተራራው ጥቁር ይሆናል፣ መንገዱ ይወርዳል ይወጣል፣ የነፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ፣ 17 ናቸው፣ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ላይ የተመረቁ ባለ 60 ሜጋዋት፣ ነጫጭ ሆነው ጥቁር ድንጋይ ላይ ቆመው ይሽከረከራሉ። ከዛ አንድ ኩርባ ላይ ሹፌሩ ዳር አስይዞ "ውረዱ" አለን። ታች ጉቤት ነው፣ የባህረ ሰላጤው መጨረሻ፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ፣ መሃሉ ላይ የሰይጣን ደሴት የሚሏት ትንሽ ደሴት ያለችበት፣ ውሃው በጣም ጥልቅ ስለሆነ ሰማያዊነቱ ወደ ጥቁር ይወስደዋል። ነፋሱ የእናቴን ነጠላ ሊወስደው ነበር። የትም ቦታ ብትቸኩሉ እዚህ ጋር አትቸኩሉ።

ታጁራ የደረስነው ሳይመሽ ነው። ትንሽ ከተማ ናት፣ ነጫጭ ቤት፣ መስጊዶቿ ብዙ፣ ከፊቷ ባህር ከኋላዋ የጎዳ ተራራ። ሐረር ያላቹ አንባቢዎች ስለ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሰምታቹሃል፣ የሱ ቤት የሚባለውን ጎብኝታቹሃልም፣ ያ ሰውዬ ከሐረር ሌላ እዚህ ታጁራ ላይ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተቀምጧል፣ በ1878 ዓ.ም አካባቢ፣ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ በግመል ለማስጫን ሲጠብቅ። የሸዋ ንግድ ወደ ባህር የሚወርደው በዚህ በር ነበር። ወደ ታጁራ ከመድረሳቹ በፊት የምታልፏት ሳጋሎ ደግሞ በ1881 ዓ.ም አሺኖቭ የሚባል ሰው የሚመራቸው ሩሲያኖች መጥተው ሰፍረውባት ፈረንሳዮች ከመርከብ ላይ በመድፍ ደብድበው ያስወጧቸው ቦታ ናት። አሁን ብታዩዋት ዘንባባና ፍየል ነው፣ ሹፌሩ ባይነግረን ኖሮ ሳናያት እናልፋት ነበር።

ማረፊያው ቀላል ነው፣ ንጹህ ነው፣ ኤሲ አለ፣ ከዛ በላይ አትጠብቁ። ምግቡን ግን ልንገራቹ። የመን አሰራር የሚሉት አሳ አለ፣ ሙሉውን አሳ ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱትና በርበሬ ቀብተው የጭቃ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ ሲወጣ ጠርዙ ተቃጥሎ መሃሉ እርጥብ ሆኖ ነው፣ ከትልቅ ስስ ቂጣ ጋር በወረቀት ላይ ይቀርባል፣ በእጅ ነው የሚበላው። እናቴ አሳ ይሸተኛል የምትል ሴት ናት፣ አጥንቱን ለይታ ጨረሰችው፣ ማግስቱን ራሷ ናት ያዘዘችው።

ከታጁራ ወጣ ብሎ ነጭ አሸዋ የሚሉት ባህር ዳርቻ አለ፣ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ እዚህ ጋር ነው ፎርዊል መኪና የሚያስፈልገው። ኮራሉ ከዳር ብዙ አይርቅም፣ ልጆች መነጽር አድርገው ጥልቀት ሳይገቡ ባለ ቀለም አሳዎቹን ያያሉ፣ ልጄ ከውሃው ራሱን ባወጣ ቁጥር የሚጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የውሃ ጫማ ይዛቹ ሂዱ፣ ኮራል ይቆርጣል። ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ አሳ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አርታ ዳርቻና ጉቤት በኩል በጀልባ መውጣት አለበት፣ እኛ ለእናቴ ብለን ትተነዋል።

አሳል በጠዋት ነው የሄድነው። ልጅቷ ፕላኑ ላይ "ከ4 ሰዓት በፊት መውጣት" ብላ በቀይ ጽፋበት ነበር፣ ገባኝ። ከባህር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ፣ ከድሬ ከፍታ ስትወርዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ወረዳቹ ማለት ነው፣ ሙቀቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚከማቸው። ወደዛ ስትወርዱ መንገዱ በላቫ መሃል ነው፣ አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1971 ዓ.ም ፈንድቶ ያፈሰሰው ድንጋይ ገና ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል። የሃይቁ ውሃ ከባህር 10 እጥፍ ገደማ ጨው አለው፣ ዳሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ የአፋር ነጋዴዎች ለስንት ዘመን ጨው እየቆረጡ በግመል ወደኛ አገር ያመጡት የነበረው ከዚህ ነው። ጨው ላይ ስትራመዱ ኮሽ ኮሽ ይላል፣ ሲሊፐር አታድርጉ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለት ነው። ሹፌሩ ጀሪካን ውሃ ጭኖ እንደነበር ያወቅነው ስንወጣ ነው፣ እናቴን መኪናው ደጃፍ ላይ አስቀምጦ እግሯን እያፈሰሰላት አስታጠባት፣ ጨው ከደረቀ ቆዳ ያቆስላል አለ። ማንም አላዘዘውም፣ ፕላኑ ላይም የለም። እናቴ መርቃው መርቃው አልጠገበችም።

እዛው መንገድ ላይ ያየነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከአሳል ወደ ታጁራ ስንመለስ ልጆች አየን፣ በእግራቸው የሚሄዱ፣ ሁለት ሶስት እየሆኑ ጎማ ጫማ አድርገው የውሃ ላስቲክ አንጠልጥለው። የኛ አገር ልጆች ናቸው፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ወደ ኦቦክ ሄደው በጀልባ ወደ የመን ሊሻገሩ። ሹፌሩ አቆመ፣ ባለቤቴ በኦሮምኛ አናገረቻቸው፣ አንዱ ከጭሮ ነው፣ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ይሆናል። የያዝነውን ውሃና ዳቦ ሰጠናቸው። ተመለሱ አልናቸው፣ ዝም አሉ። ሹፌሩ ሁሌም ተጨማሪ ውሃ የሚጭነው ለነሱ እንደሆነ ያወራን ከዛ በኋላ ነው። እዛ መንገድ ለመዝናናት የምትሄዱ ሁሉ ከምትጠጡት በላይ ውሃ ጫኑ፣ ታገኟቸዋላቹ።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር፣ ለቢሮውም ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛ ዋጋው ላይ ሁሉም ነገር አልተጻፈም፣ ባህር ዳርቻው ላይ ለጥላ ቤቱና ለምሳው የሚከፈለው እዛ ስንደርስ ነው የተነገረን፣ በፍራንክ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ ከ1973 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ 1 ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ነው፣ አይነቃነቅም፣ የኛ ብር ግን በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ላይ በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ የምታውቁት ነው፣ ስለዚህ እዛ የምትከፍሉት ትንሽ የሚመስል ነገር በብር ሲመታ ያስደነግጣል። ሁለተኛ የድሬው መኪና የኋላ ወንበሩ ኤሲ አይሰራም ነበር፣ ስንመለስ ከአይሻ ወዲህ ልጆቹ በጣም ተቸገሩ፣ ለእንደዚህ አይነት መንገድ የኋላ ኤሲ ሳይታይ መኪና መላክ ተገቢ አይደለም። ሶስተኛ የመጨረሻዋን ሌሊት ጅቡቲ ከተማ አድርገውት ነበር፣ እረፍት ይሆናል ብለው፣ ግን ዓርብ ላይ ዋለ፣ እዛ ዓርብና ቅዳሜ ነው እረፍቱ፣ ሱቁ ዝግ፣ ልጆቹ ሆቴል ውስጥ ተቀመጡ፣ ያቺ ሌሊት ታጁራ ብትጨመር ኖሮ ይሻል ነበር። ያንን ያህል ቦታ በጥንቃቄ የሰረዘች ልጅ ይሄንንም ብትሰርዘው ደስ ይለኝ ነበር።

ጥሩ ካደረጉት ደግሞ አንድ ነገር አለ የማይወራ፣ ረጅሙ መንዳት ሁሉ ጠዋት ነው የተደረገው። ጅቡቲ ላይ ጫት ከኛ በኩል መጥቶ እኩለ ቀን አካባቢ ይገባል፣ ከዛ በኋላ ስራ ሁሉ ይቀዘቅዛል፣ ሹፌርም ሰው ነው። የጫት ገበያዋን አወዳይን የሚያውቅ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ከሰዓት ሹፌሩን አሳርፈው እኛን ባህር ዳር ነው የተዉን፣ ማንም አልተቸገረም።

በራሳቹ መኪና እንሂድ የምትሉ፣ ሊብሬውን፣ ቦሎውን፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አስቀድማቹ ጨርሱ፣ ስኮርታ ጎማ ነፋሱን አስለኩ፣ ክሪክ መኖሩን እዩ፣ ጉቤት አካባቢ ጎማ ቢፈነዳ የሚጠግን ቅርብ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ብዙ ናቹ አሁን፣ ለዚህ መንገድ ግን አትሞክሩት፣ ከድሬ እስከ ጅቡቲ ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ቢሮውን እንደገና እጠቀምበታለሁ ወይ? አዎ፣ እህቶቼን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ፣ በዛኛው ጊዜ ከአሳል ይልቅ ወደ ራንዳና ደይ ወጥተን የጎዳን ጽድ ጫካ ማየት ነው ሃሳቤ። ከ10 ብትሉኝ 8 እሰጣለሁ፣ ሁለቱን የቀነስኩት ለኤሲውና ላልተጻፈው ክፍያ ነው። ስትሄዱ በስልክ አትጨርሱ፣ ቢሮው ድረስ ሄዳቹ ፕላን የምትሰራዋን ልጅ አግኟት፣ አብረው የሚሄዱትን ትልልቅ ሰዎች ይዛቹ ሂዱ፣ በፍራንክ የሚከፈለው ሁሉ ከነመጠኑ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፣ መኪናውንም ቀብድ ከመክፈላቹ በፊት አስነስታቹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣቹ ኤሲውን እዩ።